ሐምሌ 5 የሚዘጋው ተራራ፦ የመንዝ ጓሳ የጉዳይ ጥናት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን አስፋልት ጣርማ በር ላይ ትቶ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ፣ መዘዞን አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ሲያቀና፣ የገብስ ማሳ ግራና ቀኝ ያጅበዋል። ሳይታረስ የቀረ ዳገት ለማግኘት ይቸግራል፤ የገደሉ አፋፍ ሳይቀር ተቆፍሯል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ማሳው ቀጥ ይላል። ጎጆ ይጠፋል፣ ጭስ ይጠፋል። ዓይን እስኪደክም የሚታየው ጉብ ጉብ እያለ የበቀለ ሣር፣ አመድማ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም እንደ ዘብ የተገተረ ጅብራ ነው።

አጥር የለም፤ ሽቦም ግንብም አልተሠራም። በየደጋው እንደምናየው ገብስ በዚህ ከፍታ ላይ ይበቅላል፤ ስለዚህ ገበሬውን ያቆመው ብርዱ ነው ማለት አይቻልም። ሞፈሩ ከዚያ መስመር እንዳያልፍ የከለከለው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የሰዎች ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት እንዴት እንደ ሠራ፣ እንዴት እንደ ፈረሰ፣ እንዴትስ በከፊል እንደ ተጠገነ መመርመር ይገባዋል እላለሁ።

"ለመጪው ትውልድ" የሚለው ሐረግ ከስብሰባ አዳራሽ ከወጣ በኋላ ብዙም ርቆ አይሄድም። በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ልማት የዛሬውን ሰው ፍላጎት ሲያሟላ የነገውን ሰው አቅም የማያሳጣ መሆን አለበት አለ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ይህንን በየመግለጫው ይደግመዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው "ትውልድ" ስም የሌለው መሆኑ ነው። የማን ልጅ? ሲደፈርበት ማን ይጮህለታል? ደፋሪውንስ ማን ይቀጣል? መንዞች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያበጁት ኮሚሽኑ ከመሰየሙ እጅግ ቀድመው ነው። መልሳቸው ግን ሁሉንም የሚያስደስት አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሣሩና አገሩ

ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ቦታው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ የወደቀው ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በስተ ምሥራቅ የወደቀው ወደ አዋሽ ይወርዳል። አንዱ ጠብታ ሜዲትራኒያን ሲደርስ ጎረቤቱ አፋር በረሃ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል ማለት ነው።

ሣሩ ለላም የሚጣፍጥ ዓይነት አይደለም። ቅጠሉ ቀጭን፣ እንደ ሽቦ የጠነከረ፣ በእቅፍ በእቅፍ ሆኖ የሚያድግ ነው። ይህ ጥንካሬው ግን ለመንዝ ሰው ብዙ ነገር ሆኖለታል። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ፍራሽ ይሞላበታል። ገሳ ይሠራበታል፤ ገሳ ለማያውቅ አንባቢ፣ እረኛ ክረምት ላይ ከራሱ ጀምሮ ወደ ጀርባው የሚደርበው የሣር ካባ ነው፤ ዝናቡ በሣሩ ጭራዎች ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል እንጂ ልብስ አያገኝም። ከሣሩ ጎን ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ዛፍ በሌለበት ደጋ ማገዶው እሱ ነው። ከጓሳ ተለቅሞ ገበያ የሚወርድ አንድ ሸክም ማገዶ ለደሃ ቤተሰብ የጨውና የበርበሬ መግዣ ነው።

በዚህ ላይ የመንዝ የላይኛው ደጋ የበልግ አገር መሆኑን መጨመር ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ውርጭና ውሃ ሰብሉን ስለሚያበላሹት ገበሬው ተስፋውን የሚጥለው በበልጉ ገብስ ላይ ነው። በልግ ደግሞ ይዋሻል። የዋሸ ዓመት ከብቱ የሚበላው ሲያጣ ዓይን ሁሉ ወደ ጓሳ ይዞራል። እንግዲህ የተራራው ጥበቃ ከመነሻው ለአራዊት ፍቅር ተብሎ የተበጀ አልነበረም። ክፉ ቀን የሚወጣበት የእህል ጉድጓድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱ ጉድጓዱ የጋራ መሆኑ ነው።

አፈሮው፣ ቀኑና ቅጣቱ

መንዝን ያቀኑት ማማ፣ ላሎና ጌራ ናቸው ይባላል፤ የማማ ምድር፣ የላሎ ምድርና የጌራ ምድር ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። የጓሳ ነገር የሚመዘዘው ግን ከጌራና ከአስቦ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት እነዚህ አቅኚ አባቶች ከፍተኛውን ደጋ ለእርሻ አከፋፍለው ከመጨረስ ይልቅ ለሣርና ለግጦሽ በወል እንዳስቀመጡት ይተረካል። ዘሮቻቸው በአጽመ ርስት ወረሱት። ዘሩን ቆጥሮ ከሁለቱ ከአንዳቸው መድረሱን ያስረዳ ይካፈላል፤ ያላስረዳ ከሩቅ ያያል።

ጥበቃው ቄሮ ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ትርጉም ስለሚታወቅ ግር እንዳይል፤ የመንዙ ቄሮ የተራራ ጥበቃ ሥርዓት ስም ነው። የጌራም የአስቦም ወገን በየበኩሉ አንድ አለቃ ይመርጣል፤ አፈሮ ወይም አባ ቄራ ይሉታል። አፈሮው ጥበቃ በጠራ ቀን አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ይወጣል። የቀረ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል የሚደርስ ቅጣት ያገኘው እንደነበር ይነገራል። ተደብቆ ሣር ያጨደውማ አይወራም።

ጓሳ አንዴ ከተዘጋ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ሳይነካ ይቆያል። ሣሩ መድረሱ ሲታመንበት፣ በጋው ሲበረታ፣ መከፈቱ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። አጨዳው ሲያበቃ ከብት ይገባል። ከዚያ ሐምሌ 5 ቀን፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት፣ ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ተራራው ይዘጋል።

የዚህ ቀን አመራረጥ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ክረምቱ ይገባል፣ መሬቱ ይርሳል፣ በረሰረሰ መሬት ላይ የቆመ የከብት ሰኮና ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ስለዚህ ቀኑ ለሣሩ ትክክል ነው። ለሰውም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም "መዘጋቱን አልሰማሁም" የሚል ሰው ሊኖር አይችልም። የዚያን ጠዋት ጾሙን ፈትቷልና! ደብዳቤ ሳይጻፍ፣ አዋጅ ነጋሪ ሳይዞር፣ እያንዳንዱ ቤት በገዛ ማዕዱ ይነገረዋል። በመሥሪያ ቤት ዕቅድ ሲያወጡ የኖሩ ሰዎች በዚህ ቢቀኑ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደማያስደስተው ክፍል ልምጣ። ይህ ሥርዓት የሠራው ወራሹን ጠንቅቆ ስላወቀ ነው፤ ወራሹን ጠንቅቆ ያወቀው ደግሞ ሌላውን ስላስወጣ ነው። ከጌራና ከአስቦ ዘር የማይቆጠር ሰው በተራራው ሥር ተወልዶ፣ በውርጩ ተቆራምዶ፣ እዚያው ቢያረጅ እንኳን ሣሩ የእሱ አልነበረም። ጎጆው ቢያፈስ ከርስተኛው መግዛት ወይም መለመን ነበረበት። ስለ አባቶቻችን ጥበብ ስንጽፍ ይህችን አንቀጽ መዝለል ልማዳችን ነው። ከዘለልናት ግን ቀጥሎ የመጣው ነገር ለምን እንደ መጣ አይገባንም።

መሬት ለአራሹ፣ ያልታረሰውስ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። አጽመ ርስት ቀረ፤ ከሱ ጋር ቄሮም ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። የአፈሮው ሥልጣን የቆመው በዘር ቆጠራ ላይ ነበርና ዘር ቆጠራው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። በፊት ከሩቅ ያይ የነበረው ጎረቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ የተሰማውን ደስታ መገመት አያዳግትም። መብቱም ነበር።

ችግሩ አዋጁ የተሸከመው መፈክር ላይ ነበር። "መሬት ለአራሹ" በሚል ሚዛን ጓሳ ምን ያህል ይመዝናል? አራሽ የለውም። ጥቅሙ ባለመታረሱ ነው። ወራሹን ለይቶ የሚዘጋው ሥርዓት ተነሥቶ ሁሉንም የሚያስገባው ሲመጣ፣ መዝጊያው ራሱ ተረሳ። ጓሳ ለዙሪያው የገበሬ ማኅበራት ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ማንም ዛሬ ያላጨደውን ነገ ሌላው እንደሚያጭደው ስላወቀ ለሣሩ ዕድሜ የሚሰጥ ጠፋ። ጉዳቱ በግልጽ ሲታይ ማኅበራቱ የጓሳ ኮሚቴ አቋቁመው ለመቆጣጠር ሞከሩ። ኮሚቴው ግን ማኅተም እንጂ የአፈሮው ዓይነት ግርማ አልነበረውም።

ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ አሜሪካዊውን የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲንን ያስታውስ ይሆናል። በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ የወል ግጦሽ እያንዳንዱ ባለከብት አንድ ከብት ልጨምር ሲል የሚያልቅ ነው ብሎ ተከራከረ። በኋላ ራሱ እንዳመነው፣ ሊል የፈለገው ሥርዓት ያልተበጀለትን የወል ሀብት ብቻ ነበር። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው፣ በየአገሩ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ሥርዓት አበጅተው የወል ሀብታቸውን ለዘመናት ማቆየታቸውን በማሳየቷ ነው። ከምሳሌዎቿ አንዱ የስዊዘርላንድ ተራራ መንደር ቶርበል ነው። እዚያ በ1517 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ደንብ፣ ማንም ሰው ክረምቱን በራሱ ድርቆሽ ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወል ተራራው እንዳይሰድ ይከለክላል። የቶርበል ሰው ላሙን በድርቆሹ ይለካል፤ የመንዝ ሰው ዓመቱን በጾሙ ይለካል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ያገናኛቸው ነገር ልኩ በየቤቱ የሚታይ መሆኑ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ዘላለም ተፈራ የመንዝን ሥርዓት አጥንቶ ለዓለም ምሁራን ያስተዋወቀው በዚያው የክርክር ዘመን ነው። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላም ማኅበረሰቡ በጓሳ ላይ ተስፋ አልቆረጠም። ቀስ በቀስ ዙሪያውን ያሉ ቀበሌዎች የሚወከሉበት አስተዳደር ተበጀ፣ መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፣ ከየቀበሌው የተመረጡ ጠባቂዎች ተቀጠሩ፤ የአማራ ክልላዊ መንግሥትም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኅበር ከጎን ሆኖ ረዳ፤ በመንገዱ ዳር ለእንግዳ የሚሆን አነስተኛ የማኅበረሰብ ማረፊያም ተሠራ።

በእኔ ግምት የዚህ ጥገና ትልቁ ሥራ አንድ ነው። ከቄሮ መዝጊያውን ወሰደ፣ ከ1967ቱ አዋጅ ደግሞ የእኩልነቱን በር። ወራሽ የሚባለው በዘር የሚቆጠረው ብቻ መሆኑ ቀርቶ በዙሪያው የሚኖረው ሁሉ ሆነ፤ ሣሩ ግን እንደ ድሮው ተዘግቶ ይከርማል። ይህ በጽሑፍ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በርስትና በሚስት ቀልድ በማያውቅ አገር፣ የአባቱን ድርሻ ለጎረቤት ማካፈልና በዚያው አፍ "አሁን ሁላችንም አንነካም" ማለት ስንት ሽምግልና እንደሚጠይቅ መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጭላዳና ቀይ ቀበሮ

ሣሩ ሲጠበቅ አብረውት የተረፉ ነዋሪዎች አሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም 500 ገደማ ነው። ከነዚህ ጥቂት ደርዘን የሚሆኑት የሚኖሩት በዚህ አካባቢ ነው። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ወደ እርሻ መለወጡ ሲታሰብ ጓሳ ለቀበሮው ምን ማለት እንደሆነ ይገባል።

ጠዋት ላይ፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ ጭላዳዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው በመቶ በመቶ ሆነው ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። ሲግጡ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ነው። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ይገባል። አይሮጥም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ተላላኪ በቀስታ ይራመዳል። ግልገሎቹ በአጠገቡ ይጫወታሉ፤ እሱም አይነካቸው፣ እነሱም አይሸሹት። የሚፈልገው አይጥ ነው። በጓሳ የተካሄደና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀበሮው ለብቻው ሲያድን ከሙከራው 25 በመቶው፣ በጭላዳ መካከል ሲሆን ግን 67 በመቶው እንደሚሳካለት አሳይቷል። ምናልባት የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸው ይሆናል። አንድ ጊዜ ግን ተመራማሪዎቹ እንዳዩት አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፣ አባረሩት፣ ከዚያም ወደ መንጋው እንዳይመለስ ከለከሉት። አፈሮው ይህንን ቢሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም ነበር።

ደንቡ የማይደርስበት

ጥሩውን ብቻ ጽፎ ማቆም ጉዳዩን መካድ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የክልሉ ጸጥታ እንግዳን የሚጋብዝ አይደለም። ከማረፊያው ገቢ የሚጠብቅ ጥበቃ እንግዳ ሲቀር ምን ያህል እንደሚጎዳ ማስረዳት አያስፈልግም። ድሮ አፈሮው ደመወዝ አልነበረውም፤ ጥበቃው ግዴታ ነበር። የዛሬው ጠባቂ ደግሞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመንዝ አቅም በላይ ነው። ደጋው እየሞቀ ሲሄድ ገብስ የሚበቅልበት ከፍታ ወደ ላይ ይገፋል፤ ገብሱ ወደ ላይ ሲወጣ ገበሬው ይከተለዋል። ከታች ሲገፋ የኖረው ቀይ ቀበሮ ከጓሳ ጫፍ በላይ የሚወጣበት ተራራ የለውም። ሙቀቱን ያመጣው ጭስ በአብዛኛው የወጣው ከሩቅ አገር ፋብሪካና መኪና ነው፤ የመንዝ ምድጃ ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መንዞች ጎረቤታቸውን በሐምሌ 5 ሊያስቆሙት ይችላሉ። ለአየሩ ግን የተመረጠ አፈሮ የለም፤ ጥበቃ ሲጠራ የቀረ አገር ቤቱ አይቃጠልበትም፤ ጾም የሚፈታበት የጋራ ቀንም አልተቆረጠለትም። የአየር ንብረት ጉባኤዎች በየዓመቱ የሚጨቃጨቁት የጌራና የአስቦ ልጆች በአንድ ገበያ ቀን በጨረሱት ጉዳይ ላይ ነው፦ ማን ያጭዳል፣ ማን ይጠብቃል፣ መቼ ይዘጋል። በአየሩ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ያጨደው ወገን ሌላ ነው፤ ተራራው የሚጎድልበት ሌላ።

ሦስተኛውን ችግር ግን ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ፤ ጠላት አይመስልምና። ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳን እየቀረ ነው፤ አቅም ያገኘ ሁሉ ቤቱን በቆርቆሮ ይከድናል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደረ ያውቀዋል። እረኛውም ገሳውን ትቶ ላስቲክ ይለብሳል፣ ገመዱም ከሱቅ የሚገዛ ናይለን ሆኗል። ቄሮ የቆመው ሰው ሁሉ ሣሩን ስለሚፈልገው ነበር። አሁን ጓሳን እንጠብቅ የሚሉት ቃላት ውሃ፣ ቱሪዝም፣ ብዝኃ ሕይወት የሚሉ ናቸው፤ እውነት ናቸው፣ ነገር ግን አንዳቸውም በማጭድ ታጭደው፣ በትከሻ ተሸክመው ቤት አይገቡም።

ጓሳን አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ለሚቃረብ መንገደኛ ከተማዋን ቀድሞ የሚያሳየው በፀሐይ የሚያብረቀርቀው ጣሪያ ነው። ከጀርባ ያለው ሜዳ ደግሞ ጉልበት ድረስ በሚደርስ፣ ለክዳን በደረሰ ሣር ተሸፍኗል። ድሮ በዚህ ጊዜ በየገበያው የሚሰማው ጥያቄ "መቼ ይከፈታል?" የሚል ነበር። የሚጠይቀው ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው።